ታይላንድ፣ ማሌዥያና የእማዬ ከፈን

ከሚሴ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ሰንበቴ ላለችው እናቴ፤

አሰላሙ ዐለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ እማዬ። እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ? አሁን የሚያስቸግርሽ የግራው ነው የቀኙ? ባለፈው ስደውል ድምፅሽ ጎርነን ብሎብኝ ነበር፤ ጉንፋን ነው ብለሽ አለፍሽው። የላክሁልሽን መድኃኒት ዋጥሽው ወይስ እንደ ልማድሽ ለጎረቤት አደልሽው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሪሀና እጅሽን ስማለች፣ ልጆቹም እንዲሁ።

ስልክ በጉያሽ ይዘሽ እያለ ደብዳቤ ሲመጣልሽ ምን ነካው ትዪ ይሆናል። ወላሂ ሦስት ጊዜ ደውዬ ልነግርሽ ሞክሬአለሁ። አሎ ከማለቴ ምርቃትሽን ትጀምሪዋለሽ፤ ምርቃት አቋርጬ ነውሬን መናገር አልሆነልኝም። አንዴ ስለ ዘይት መወደድ አወራሁሽ፣ አንዴ ስለ ዝናቡ፣ ሦስተኛው ላይ ኔትዎርክ ተቋረጠ ብዬ ራሴ ዘጋሁት። እንግዲህ ጻፍሁት። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በቆጠርሽው ፊደል ራስሽ እንድታነቢው አጉልቼ ነው የጻፍሁት፤ መነጽርሽን አድርጊና ቀስ እያልሽ አንብቢው። በሌላ ሰው አስነብበሽ ቢሰማም መብትሽ ነው፣ አልቀየምም።

ሾፌሩ ነጂብ ከዚህ ጋር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይሰጥሻል። ሳጥንሽ ውስጥ ከመክተትሽ በፊት ይህን ወረቀት እስከ መጨረሻው ጨርሺው። ስለ ከፈንሽ ነው የማወራሽ።

እማዬ፣ እኔ መካ አልሄድሁም። ባለፈው ጥር ዑምራ ሄደ ያላችሁኝ ጊዜ፣ እኔ ታይላንድ በሚባል አገር ቁምጣ ለብሼ ባሕር ዳርቻ ተጋድሜ ነበር።

ይኸው ወጣልኝ። አሁን ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ቀለም የማመጣበት ፋብሪካ በየዓመቱ ብዙ የሸጡ ወኪሎችን ይሸልማል። ባለፈው ዓመት ከደሴ መስመር እኔ አንደኛ ወጣሁ። ሽልማቱ ለሁለት ሰው የአውሮፕላን ቲኬትና የሰባት ቀን ሆቴል ነበር። የፋብሪካው ሰውዬ ደውሎ፣ ከሁለት አገር አንዱን ምረጥ፣ ታይላንድ ወይስ ማሌዥያ አለኝ። ምን እንደሚሠራባቸው ብጠይቀው ሳቀና፣ ምንም አይሠራባቸውም፣ መዝናናት ነው አለኝ። እኔ የአንቺ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ ወዲያ ያለውን አገር በዜና ብቻ የማውቀው ሰውዬ፣ ለመዝናናት አገር ምረጥ ተባልሁ!

ከዚያ በኋላ ቤታችን ምን እንደሆነ ብታዪ ትስቂ ነበር። ሪሀና ማሌዥያ አለች። የእስላም አገር ነው፣ ምግቡ ሐላል ነው፣ ሒጃቤን አድርጌ ስወጣ ማንም ዞሮ አያየኝም አለች። እኔ ታይላንድ አልሁ። የደሴው ወኪል ሄዶ ዝሆን ላይ ተቀምጦ የተነሣውን ፎቶ አይቼ ነበር። የባሕሩን ቪዲዮም አየሁት። በቀለም ካታሎጋችን ውስጥ አንድም ሰው ገዝቶት የማያውቅ ሰማያዊ አለ፤ ወላሂ የዚያ ቀለም ባሕር ነው። እሷ፣ ዝሆን ለማየት ብሎ ሰው ባሕር ይሻገራል ወይ ትለኛለች። እኔ፣ ማሌዥያ በየቀኑ ዝናብ ነው፣ መስጊድ ለማየት ከሆነ ከሚሴስ መቼ ጠፋ እላታለሁ። ደንበኛ ሚስማር ሊገዛ መጥቶ ቆሞ ይጠብቀናል፣ እኛ በስልክ ስለ ሁለት አገር እንጨቃጨቃለን። በመጨረሻ አኮረፍኋት። የአርባ አንድ ዓመት ሰው ለታይላንድ ብሎ ሁለት ቀን እራት አልበላም አለ። እሷም ሰለቻትና፣ ይሁንልህ፣ ዝሆንህን እይ አለችኝ።

እሑድ ላንቺ ልነግርሽ ሰንበቴ መጣሁ። ገበያው ሞልቶ ነበር፤ አንቺ ጨውሽን ዘርግተሽ፣ አሻም ሠላሳ ዓመት እንደተቀመጠችው ከጎንሽ ቅቤዋን ይዛ። እማዬ፣ እኔና ሪሀና ለሰባት ቀን በአውሮፕላን ወደ ውጭ ልንሄድ ነው አልሁሽ። የአገሩን ስም ከአፌ ሳላወጣ መስፈሪያውን ጣልሽና በዚያ በሚያምሽ ጉልበት ተነሣሽ። ጠራው፣ ጌታዬ ልጄን ወደ ቤቱ ጠራልኝ ብለሽ አለቀስሽ። አሻ እልልታውን አቀለጠችው። ጨው ይዞ የመጣው አፋር ሰውዬ ሳይቀር እጄን ይዞ ማሻአላህ አለኝ።

ደግሞስ ማን ይፈርድብሻል? ከእኛ ሰው አውሮፕላን ላይ የሚወጣው ወይ ዓረብ አገር ሊሠራ ነው፣ ወይ የአላህን ቤት ሊዘይር ነው። ሱቅ ያለው ሰው ሚስቱን ይዞ ለሰባት ቀን ከሄደ ዑምራ ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? አገር ለማየት ብቻ አገር የሚያቋርጥ ሰው ሰንበቴ አያውቅም። አፌ ላይ የነበረው ታይላንድ ተመልሶ ሆዴ ገባ።

አይ እማዬ፣ እንደዚያ አይደለም ብል ያኔ አንድ ደቂቃ ነበር የሚፈጀው። አንቺ ታፍሪያለሽ፣ አሻ ትስቃለች፣ ያልፋል። አንድ ደቂቃ ማፈር አቅቶኝ ይኸው አሥር ወር ሙሉ አፈርሁ።

ቀጥሎ ያመጣሽብኝን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ወደዚያ የሚሄድ ሰው አፉ ሳይባል አይሄድም ብለሽ እጄን ይዘሽ በየቤቱ አዞርሽኝ። አሥራ አንድ ቤት። በየደጃፉ ቆሜ አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ አልሁ። የፍየላቸውን እግር በልጅነቴ በድንጋይ የሰበርሁባቸው ሽማግሌ እንኳ፣ እኔም አፉ ብያለሁ፣ አላህም አፉ ይበልህ ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ሐሙስ ቤትሽ ወዳጃ ተደረገልኝ፤ ሰው ተሰብስቦ ጫቱን ይዞ ዱዓውን ሲያወርድልኝ እኔ መሐል ተቀምጬ አሚን እላለሁ። ያን ጊዜ መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ። አሻ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ካዕባን ስታይ ስሜን ጥራልኝ፣ አሻ የምትባል ቅቤ ሻጭ አለች በልልኝ አለችኝ። ከዚያም በኦሮምኛ ነጋን ገሊ፣ በሰላም ግባ ብላ መረቀችኝ። አንቺ ደግሞ ያንን ነጭ አቡጀዲ ጭኔ ላይ አኖርሽው። በመካው የዘምዘም ውሃ ነክረህ አምጣልኝ፣ የምሄድበት እሱ ነው አልሽኝ።

ሪሀናን አትውቀሻት። ከሚሴ ገብቼ ስነግራት፣ ወይ ተመልሰህ ንገር ወይ እኔ እግሬን አላነሣም ብላኝ ነበር። ስንመለስ እነግራታለሁ ብዬ ማልሁላት። እያለቀሰች ሻንጣ ሸከፈች። ማሌዥያ ብንመርጥ እንኳ ውሸቱ ትንሽ ይቀል ነበር አለች፣ የሚያስቅ ነገር መስሏት አይደለም።

የአላህ ሥራ ደግሞ፣ የተቆረጠልን ቲኬት በጂዳ በኩል የሚያልፍ ሆኖ ተገኘ። ጂዳ አውሮፕላን ማረፊያ አራት ሰዓት ተቀመጥን። በፊቴ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ነጩን የኢሕራም ልብስ የለበሰ ነው። የእኛ አገር ሰዎች በቡድን ሆነው መጡ፤ ከመካከላቸው አንዲት ባልቴት በኦሮምኛ ስናወራ ሰምተው ተጠጉን፣ ዑምራ ናችሁ ወይ አሉኝ። አይ፣ ለሥራ ነው አልኋቸው። አንቺን በዑምራ ዋሸሁሽ፣ እሳቸውን በሥራ። ከፈንሽ በእጅ ሻንጣዬ ውስጥ እግሬ ሥር ነበር። ከዚያ እስከ መካ ያለው መንገድ ከከሚሴ ሰንበቴ ካለው ብዙ አይበልጥም አሉ።

ታይላንድ፣ ፉኬት የሚሏት ደሴት ገባን። አልዋሽሽም፣ የመጀመሪያው ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ባሕሩ ቪዲዮው ላይ እንዳየሁት ነው። ጫማዬን አውልቄ ውሃው ውስጥ ቆምሁ፣ ማንም ዕቃ አምጣ፣ ዋጋ ቀንስ የሚለኝ የለም። በሁለተኛው ቀን ከጉልበት በላይ የሆነ ቁምጣ አድርጌ ተጋድሜ ሳለሁ አዛን ሰማሁ። ከሆቴሉ ጀርባ መስጊድ አለ! ለካ የዚያ ባሕር ዳርቻ ሰዎች አብዛኞቹ እስላሞች ናቸው። ሪሀና ዞራ አየችኝና፣ መስጊድ ለማየትስ ከሚሴ አለ ብለህ የመረጥኸው አገር ይኼ ነው ወይ አለችኝ። ተነሥታ ልትሰግድ ሄደች። እኔ በዚያ ቁምጣ ወዴት እሄዳለሁ? ፎጣዬን ጉልበቴ ላይ ጣል አድርጌ ቁጭ አልሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን ሁሉ እንዳይመሽልኝ ሳይሆን እንዲመሽልኝ ስለምን ሰነበትሁ። ዝሆኑንም አላየሁትም፣ ሪሀና ብቻዋን ሄዳ አይታው መጣች።

የመጨረሻው ቀን ላይ ከፈንሽን ከሻንጣ አወጣሁት። እንደታጠፈ ይዤልሽ ብመለስ ውሃ እንዳልነካው ገና ስታዪው ታውቂያለሽ። የሆቴሉን ቧንቧ ከፍቼ ዘጋሁት፣ ሰው በሚታጠብበት ውሃ አልጨከንሁም። ባሕሩ ቢያንስ ሰው ያልሠራው ነው አልሁና ወስጄ ባሕሩ ውስጥ ነከርሁት። እማዬ፣ ጨምቄ ወንበር ላይ አሰጣሁት። ፈረንጆቹ አጠገቤ ተኝተው ያዩኛል፣ አንሶላ የማጥብ መስሏቸው። በመልሱ ጉዞ ጂዳ ላይ ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር እየተሯሯጥን ዘምዘም የሚሸጥ ጠየቅሁ። የሚሸጠው ከውጭ ነው፣ ቪዛ የሌለው ሰው አይወጣም አሉኝ። እንዲህ ሆኖ ነው ባዶዬን የተመለስሁት። ለሰው ያከፋፈልሁት ተምር ከአዲስ አበባ መርካቶ የተገዛ ነው።

ቤትሽ ስገባ ሰው ሞልቶ ነበር። አቡጀዲውን በሁለት እጅሽ ተቀበልሽና ሳምሽው። ሁሉም አሚን ይላል፣ አንቺ ግን ከንፈርሽ ጨርቁ ላይ ቆየ። ቀና ብለሽ አየሽኝ። ሠላሳ ዓመት ጨው በምላስሽ ቀምሰሽ፣ ይኼ ከዚህ ነው ይኼ ከዚያ ነው እያልሽ የምትለዪ ሴትዮ ነሽ። እኔ ያኔ ይኼን አላሰብሁም። ልጄ ደክሞሃል፣ ግባና ተኛ ብቻ አልሽኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሰንበቴ በሙሉ ሐጂ ይለኛል፣ ዑምራና ሐጅ ለነሱ አንድ ነው። አንቺ አንድም ቀን ብለሽኝ አታውቂም። ሰው ሁሉ ካዕባው ምን ይመስላል፣ ጥቁሩን ድንጋይ ነካኸው ወይ እያለ ሲያስጨንቀኝ፣ ከሁሉ በላይ ልትጠይቂኝ የሚገባሽ አንቺ አንዲት ቃል አልጠየቅሽኝም። እኔ ቂሉ ደግሞ ተመስገን አልጠየቀችኝም እያልሁ ስደሰት ነበር።

እንዲህ ሆኜ ልኖር እችል ነበር፣ አሻ ባትታመም። በጥቅምት ስትደውዪልኝ አሻ አልጋ ላይ ናት፣ አትነሣም አልሽኝ። መጥቼ ያየኋት ቀን እጄን ይዛ፣ ስሜን ጠራህልኝ ወይ አለችኝ። ምን ልበላት? ጠርቻለሁ አልኋት። ከዚያ አንቺ ነሽ የነገርሻት፤ አብሽሪ አሻ፣ የእኔን ከፈን ለአንቺ ሰጥቼሻለሁ፣ በእሱ ነው የምትሄጂው አልሻት። ፊቷ ላይ የታየው ደስታ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

የቀብሯ ዕለት ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ በራስጌ በኩል የተቀበልኋት እኔ ነኝ። በዚያ ጨርቅ ተጠቅልላ በእጄ ላይ አረፈች። ስወጣ ልጇ ሙኽታር አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። እናቴ፣ እኔ ወደ ቤቱ ባልደርስ ቤቱ ወደ እኔ መጣልኝ እያለች ነው የሞተችው፣ አላህ ይስጥህ ሐጂ አለኝ። የዚያን ጊዜ አልቻልሁም። ሰው ፊት ልናገረው አፌን ከፈትሁ። አንቺ መጣሽና ክንዴን ይዘሽ ወደ ጥግ ወሰድሽኝ። የእኔ ሳጥን ባዶ ቀርቷል፣ ሌላ ግዛልኝ አልሽኝ። ከከሚሴ ገበያ ይበቃኛል፣ የትም አትውሰደው፣ ከሱቁ ቀጥታ ለእኔ አምጣው አልሽኝ።

እሺ ብዬ መኪና ውስጥ ገባሁ። ካራቆሬን ሳልፍ ነው ያልሽኝ የገባኝ። ሾፌሩን አቁምልኝ አልሁትና ወርጄ መንገድ ዳር ተቀመጥሁ።

እማዬ፣ ለአሻ የሰጠሻት ከልብሽ ነው? ወይስ በዚያ ጨርቅ ላለመሄድ ነው? ሁለቱንም አስቤ ሁለቱም አቃጠለኝ። አትመልሺልኝ። አንቺ ለጓደኛሽ ክፉ እንደማታስቢ አውቃለሁ፣ ጨርቅ ጨርቅ ነው ብለሽ የሰጠሻትም ይሆናል። ኃጢአቱ ግን የእኔ ነው፤ በአንቺ ላይ አንዲት ጠብታ እንዲደርስ አልፈልግም። ለሙኽታር መናገር አለብኝ እላለሁ፣ ደግሞ ደስታዋን ከልጇ ልብ መንጠቅ ይሆንብኛል። እሱን አንቺ ወስኚልኝ፤ ንገረው ካልሽኝ በነጋታው መጥቼ እግሩ ላይ እወድቃለሁ። ሐጂ ሲሉኝ ግን አይደለሁም ማለት ጀምሬአለሁ። ማክሰኞ ለጎረቤቴ ባለሱቅ፣ ወላሂ እኔ ሐጂ አይደለሁም ብዬ ብነግረው፣ ትሕትናው ነው ብሎ ለመንገደኛው ሁሉ አመሰገነኝ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ሪሀናም አታውቀውም፣ ከእኔና ከፋብሪካው ሰውዬ በቀር የሚያውቀው የለም።

ወዳጃው በተደረገልኝ በማግሥቱ ሰውዬው ሱቅ ደወለልኝ። የጅማው ወኪል ታይላንድም ማሌዥያም አልፈልግም፣ በዑምራ ለውጡልኝ ብሎ ፋብሪካው ፈቅዶለታል፤ አንተም ከፈለግህ ስምህን ልጻፍ፣ ለአንተና ለመረጥኸው አንድ ሰው አለኝ። ከፈንሽ ከፊቴ የቀለም ቆርቆሮው ላይ ተቀምጧል። ውሸቴ እውነት እንዲሆን አላህ በር ከፍቶልኝ ነበር። ስምሽን መናገር ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ እኔና አንቺ፣ አብረን።

አይ፣ ታይላንድ ይሁንልኝ አልሁት።

ለምን ብትዪኝ ደክሞኝ ነበር። አባቴ ካረፈ ወዲህ የሁሉም ሰው ጉዳይ እኔ ትከሻ ላይ ነው፤ ለሰባት ቀን ማንም የማያውቀኝ ቦታ መሆን አማረኝ። ይኼ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ፣ ጉልበትሽን አሰብሁ። ከአንቺ ጋር ብሄድ ደግፌሽ ስዞር፣ ስታርፊ ስጠብቅ፣ ውሃ ሳመጣልሽ ሰባቱ ቀን እንደሚያልቅ አሰብሁ። አዎ እማዬ፣ ይኼንንም አስቤአለሁ። አዝለሽ ከሰንበቴ ባቲ ገበያ የወሰድሽኝ ልጅ ይኼን አሰበ። ምርጫው ከሁለት አገር አልነበረም፤ ታይላንድና ማሌዥያ ብዬ ከሪሀና ጋር የተጨቃጨቅሁት ቀላሉ ነበር።

ዱዓ አድርጊልኝ ለማለት አፍ የለኝም። አላህ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ለአሻም ቀብሯን ኑር፣ ብርሃን ያድርግላት፤ እኔ ያጎደልሁባትን እሱ ይሙላላት።

በጋዜጣው የተጠቀለለው አቡጀዲ ነው። ትናንት ከጁምዓ በኋላ ከከሚሴ ገበያ ገዛሁት። ከሱቁ ቀጥታ ነው፣ ሪሀናም አልነካችውም፣ ምንም ውሃ አላየም። ነጂብ እስከ አሥር ሰዓት ሰንበቴ ይቆያል። ከእኔ እጅ የመጣ ጨርቅ ካልፈለግሽ ምንም ሳትዪ መልሽለት፤ ምን እንደሆነ አልነገርሁትም፣ አይጠይቅሽም። መናኸሪያው ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ፤ ባዶ እጁን እንዲመጣ እየለመንሁ።

መካ ያልሄደው ልጅሽ